ይድረስ ለራሴ

በአገራችን ደብዳቤ መጻፍ የራሱ ወግ ነበረው። ጸሐፊው ገና ወረቀቱን ሲዘረጋ አጀማመሩን ያውቀዋል። «ይድረስ ለ…» ብሎ የተቀባዩን ስም ይጠራል፤ «ለጤናህ እንደምን ከርመሃል?» ይላል፤ «እኔ ከአንተ ናፍቆት በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ» ይልና ከዚያ በኋላ ነው ወደ ጉዳዩ የሚገባው። ብዙ ጊዜ ጉዳዩ ሁለት መስመር ነው። ሰላምታው ግን ገጹን ይሞላዋል፤ የአክስት፣ የጎረቤት፣ የክርስትና አባት፣ አንዳንዴም የላሟ ደህንነት ሳይጠየቅ አይታለፍም። ፊደል ያልቆጠረ ሰው ፊደል የቆጠረ ልጅ ፈልጎ ያስጽፋል፤ መልስ ሲመጣም ያንኑ ልጅ ጠርቶ ያስነብባል። እናም ብዙው ደብዳቤ የሁለት ሰው ሚስጥር ሳይሆን የሦስት ሰው ጨዋታ ነበር።

በዚህ ወግ ያደገ ሰው «እኔ ለራሴ ደብዳቤ እጽፋለሁ» የሚል ቢያጋጥመው ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ለራስ ደግሞ ምን ደብዳቤ አለ? «እንደምን ከርመሃል?» ብሎ የሚጠይቀውም የሚመልሰውም አንድ ሰው ከሆነ ወረቀቱ ለምን ይባክናል? ይህን ጥያቄ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ፤ ከአሥራ አንድ ዓመት ወዲህ ለራሳቸው ደብዳቤ ከሚጽፉት ሰዎች አንዱ ነኝና። አንድ ወዳጄማ ከእኔም ይብሳል። ቴምብር ለጥፎ፣ በገዛ ፖስታ ሣጥን ቁጥሩ ለራሱ ይልካል። ሣጥኑን ከፍቶ የገዛ እጅ ጽሑፉን ሲያይ እንደ እንግዳ ሰው ደብዳቤ ልቡ ድንግጥ እንደሚል ነግሮኛል። ይህን ሲነግረኝ ስቄበታለሁ፤ ቆይቶ ግን ነገሩ አሳሰበኝ።

በማስታወሻ ደብተርና በደብዳቤ መካከል ልዩነት አለ። ማስታወሻ የዋሉበትን ያደሩበትን መዝግቦ ያስቀምጣል፤ ለማን እንደሆነ አይጠየቅም። ደብዳቤ ግን ያለ ተቀባይ ደብዳቤ አይሆንም። ተቀባይ ካለ ደግሞ የመናገርና የመደበቅ፣ የማመንና የማታለል ጉዳይ ይከተላል። ነገሩ ከልማድነት አልፎ የሥነ ምግባር ጥያቄ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ለመሆኑ ሰው ለገዛ ራሱ እውነቱን የመናገር ግዴታ አለበትን? አለበት ከተባለስ፣ ባለዕዳው ዛሬ ብዕር የያዘው ሰውዬ ከሆነ ባለገንዘቡ ማን ነው?

ልማዱ እንኳ አዲስ አይደለም። ከ161 እስከ 180 እ.ኤ.አ. ሮምን የገዛው ማርከስ ኦሬሊየስ በዳኑብ ወንዝ አካባቢ ከሰሜን ሕዝቦች ጋር ሲዋጋ በጦር ሰፈሩ የጻፈው መጽሐፍ እስከ ዛሬ ይነበባል። በአፍ መፍቻው በላቲን ሳይሆን በግሪክኛ ነው የጻፈው፤ መጽሐፉ የታወቀበት የግሪክኛ ርእስም «ለራሱ» እንደ ማለት ነው። ገጹን የገለጠ ሰው ንጉሠ ነገሥቱ ራሱን «አንተ» እያለ ሲቆጣ ያገኘዋል። ማለዳ ከመኝታው መነሣት አቅቶት ራሱን የሚገሥጽበት ቦታ እንኳ አለ። እኔን የሚገርመኝ ይህ ነው። ሠራዊት በእጁ፣ አገር በእግሩ ሥር የሆነ ሰው «ተነሥ፣ ነግቷል» የሚለው አጥቶ ለራሱ ይጽፋል። ደፍሮ የሚቆጣው ሰው ያልነበረው ስለሆነ ቁጣውን ራሱ ማዘጋጀት ነበረበት።

ከእርሱ መቶ ዓመት ያህል ቀድሞ የኖረው ሴኔካ ደግሞ ማታ ማታ መብራቱ ሲጠፋ፣ ሚስቱም ልማዱን ስለምታውቅ ዝም ስትል፣ ቀኑን ከጧት ጀምሮ እያነሣ ራሱን ይመረምር እንደነበር ጽፏል። ወደ እኛ ስንመለስ «ሐተታ ዘዘርዐ ያዕቆብ»ን እናገኛለን። ደራሲው የ17ኛው ክፍለ ዘመን የአክሱም ሰው ይሁን የ19ኛው ክፍለ ዘመን ጣሊያናዊ ሚሲዮናዊ ሊቃውንቱ ከመቶ ዓመት በላይ ተከራክረውበታል፤ ክርክሩን ለእነርሱ እንተወው። የመጽሐፉ ባለታሪክ ግን ከአሳዳጆቹ ሸሽቶ ሁለት ዓመት ዋሻ ውስጥ ብቻውን ይቀመጣል። በእጁ ያለው መዝሙረ ዳዊት ነው። ይጠይቃል፣ ይመልሳል፤ መልሱ ካላረካው ደግሞ መልሶ ይጠይቃል። በአካባቢው የሚያፍረው ሰው የለም። ከራሱ ጋር የሚነጋገር ሰው የመጀመሪያ ጥቅሙ ይኸው ይመስለኛል፤ ለይሉኝታ ብሎ የሚዋሽበት ምክንያት የለውም። የመጀመሪያ አደጋውም ያው ነው፤ ቢዋሽ «ዋሸህ» የሚለው የለም።

አማርኛችን ደግሞ ለዚህ ጉዳይ የራሱ ጣጣ አለው። እንግሊዝኛ ተናጋሪው «ዩ» ብሎ ሕፃኑንም ሽማግሌውንም፣ ወንዱንም ሴቷንም ይገላግላቸዋል። እኛ ዘንድ ግን ገና «እንደምን» ብለህ ግሡን ሳትጨርስ ተቀባዩ ትንሽ ነው ትልቅ፣ ወንድ ነው ሴት፣ የቅርብ ነው የሩቅ የሚለውን መወሰን አለብህ። ለራሴ ስጽፍ ምን ልበል? «እንደምን ነህ?» ነው? ለሃያ ዓመቱ ልጅ ከሆነ ግድ የለም፤ «አንተ» ይበቃዋል፤ «አንተ ልጅ» ብለውም አይቀየመኝም። ከአምስት ዓመት በኋላ ለሚመጣውም እኩያዬ ነውና «አንተ» ያስኬዳል። ነገር ግን አንድ ቀን የሰባ ዓመት ሽማግሌ ሆኜ ላነበው ብዬ ደብዳቤ ስጀምር እጄ ቆመ። የሰባ ዓመት ሰው በቤታችን «አንተ» አይባልም። «እርስዎ» ልበለው? ራሱን «እርስዎ» የሚል ሰው ደግሞ የዕብድ ወይም የትዕቢተኛ ይመስላል። በመጨረሻ «እርስዎ» ብዬ ጻፍኩት። ሁለት ገጽ እንደ ሄድኩ አንድ ነገር ታወቀኝ፤ ለምንም ነገር «ግድ የለም፣ ይችለዋል» እያልኩ የምተውለት ያ ሰውዬ በ«እርስዎ» ሲጠራ ባለመብት ሆኖ ቁጭ አለ። ጉልበቱን፣ ዓይኑን፣ ቁጠባውን ይጠይቀኝ ጀመር።

ይህ የቋንቋ ጨዋታ ብቻ እንዳይመስል አንድ ጥናት ልጥቀስ። በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ተመራማሪ የሆነው ኢታን ክሮስ ከባልደረቦቹ ጋር በ2014 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሥራ፣ ሰው በጭንቀት ሰዓት ራሱን «እኔ» እያለ ከሚያነጋግር ይልቅ በስሙ እየጠራ ወይም «አንተ»፣ «አንቺ» እያለ ሲያነጋግር የተሻለ እንደሚረጋጋ አሳይቷል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። «እኔ» ስንል ነገሩ ውስጥ ነን፤ «አንተ» ስንል ደግሞ አንድ እርምጃ ወጥተን እንደ ጓደኛ እናየዋለን። ለሌላ ሰው ችግር ሁላችንም አዋቂ መካሪ ነን አይደለም?

አሁን ወደ ከበደው ነገር ልግባ። አንዲት ወዳጅ አለችኝ፤ አራት ዓመት አረብ አገር በሰው ቤት ሠርታ የተመለሰች። እዚያ ሳለች በየሁለት ሳምንቱ ለእናቷ ስልክ ትደውል ነበር። በስልኩ የምትለው አንድ ቃል ነበር፤ «ደህና ነኝ፣ አታስቢ»። ያ የጥንቱ የደብዳቤ ሰላምታ ተሳጥሮ በስልክ የመጣ ነው እንበል። ውሸት ነበር፤ የፍቅር ውሸት። እናት እንቅልፍ እንዳታጣ የተነገረ ነው። እውነቱ ግን የሚደርስበት አድራሻ አልነበረውም። ለእናት አይነገር፣ ለአሠሪ አይነገር፣ ፓስፖርቱ በአሠሪ እጅ፣ የመኖሪያ ፈቃዱም በአሠሪው ስም የታሰረ። ስለዚህ ደብተር ገዛች። ሩዝ ከረጢት ሥር እየደበቀች ለራሷ ጻፈች። «ይድረስ ለአንቺ» ብላ ትጀምራለች። ስንት ሰዓት እንደ ሠራች፣ ደመወዝ ስንት ወር እንደ ተያዘባት፣ በረንዳ ላይ የተኛችበትን ሌሊት፣ እመቤቲቱ ልጇን ስትስም አይታ ያለቀሰችበትን ቀን ጻፈች። በየደብዳቤው መጨረሻ ላይ አንድ የማይለወጥ ትእዛዝ አለ፤ «አገርሽ ስትገቢ እንዳትረሺ» የሚል።

አገሯ ገባች። ረሳችም። በአንድ ቀን አይደለም የረሳችው። መጀመሪያ ዝም አለች፤ ቀጥሎ ቡና ላይ የሚያስቅ የሚያስቀውን መንገር ጀመረች፤ ሕፃኑን «ና ወዲህ» ማለት እንዳስተማረችው፣ ባሕሩ ማታ እንዴት እንደሚያምር። ጎረቤት ይስቃል። ሁለተኛ ቡና ይቀዳል። በሦስተኛው ዓመት ታሪኩ ሌላ ሆኖ ቁጭ አለ፤ «መቼም ክፉ አልነበረም» ስትል በራሴ ጆሮ ሰምቻታለሁ። አትዋሽም ነበር፤ ያመነችውን ነው የምትናገረው።

መንግሥት በ2006 ዓ.ም. አግዶት የነበረውን የአረብ አገር የሥራ ጉዞ በ2010 ዓ.ም. ከፈቀደ በኋላ ታናሽ እህቷ ፓስፖርት አወጣች። ያን ጊዜ ነው ወዳጄ ደብተሩን ከሣጥን ያወጣችው። ሌሊቱን ሙሉ አነበበችና በማግስቱ መጥታ አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ፤ «ይህን ላንብብላት? ለእኔ ነው እኮ የተጻፈው።» ጥያቄው ቀላል አይደለም። ለራስ የተጻፈ ደብዳቤ የማን ንብረት ነው? የጻፈችው የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ማንም እንደማያነብባት ተማምና ነው ያንን ሁሉ የዘረገፈችው። የሠላሳ ሁለት ዓመቷ ሴት ያቺን ልጅ ሳታስፈቅድ ጓዳዋን ለሰው መክፈት ትችላለች? በበኩሌ ትችላለች አልኩ። ምክንያቴም ደብዳቤው አደራ እንጂ ሚስጥር ብቻ አለመሆኑ ነው። «እንዳትረሺ» ተብሎ የተጻፈ ነገር ሊታወስ የተጻፈ ነው፤ መታወስ ደግሞ ለሥራ ነው። እርሷ ግን የእኔን ፍርድ ሙሉ በሙሉ አልተቀበለችም። ሦስት ደብዳቤ መርጣ አነበበችላት፤ ሌሎቹን አስቀረች።

እህቷ ጸጥ ብላ ሰማች። ሲያልቅ «ታዲያ የእማዬን ቤት በምን ሠራሽው?» አለቻት። ከሁለት ወር በኋላ ሄደች። ወዳጄ አውሮፕላን ማረፊያ ስትሸኛት የነገረቻት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ለእናታችን እንደ ፈለግሽ በይ፤ ለእኔ ስትደውይ ግን ደህና ነኝ እንዳትይኝ።»

አንባቢዬ፣ ይህን ታሪክ ያመጣሁት የደብዳቤን ኃይል ለማጋነን አይደለም፤ እንዳያችሁት ደብዳቤው እህቲቱን አላስቀረም። ያመጣሁት የትዝታችንን ጠባይ ለማሳየት ነው። አበው «ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ» ይላሉ። ትዝታ ሁልጊዜ ለራሱ የሚቆርስ እጅ ነው። አንዳንዱ ጀግንነቱን አተልቆ ይቆርሳል፤ አንዳንዱ ደግሞ እንደ ወዳጄ ሕመሙን አሳንሶ ይቆርሳል፤ ያም ቢሆን ለራሱ እንዲመቸው ነው። ሌላም ተረት አለን፤ «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ።» በሁለት ሰዎች መካከል ይህ እውነት ነው፤ የተወጋው ሰው የወጊው ማስታወሻ ነው። ነገር ግን ሰው ራሱን ሲወጋስ? ራሱን ሲያታልል፣ ለራሱ የገባውን ቃል ሲያጥፍስ? ወጊውም ተወጊውም በአንድ ቆዳ ውስጥ ስላሉ አብረው ይረሳሉ፤ ከሳሽ አይገኝም።

ስለ ቃል ካነሣን ዘንድ አንድ የቆየ ክርክር አለ። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ቶማስ ሆብስ በ1651 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «ሌቫያታን» በተባለ መጽሐፉ እንዲህ ያለ አስተሳሰብ ያቀርባል፤ ማሰር የሚችል መፍታትም ይችላል፤ ስለዚህ ለራሱ ብቻ የታሰረ ሰው እንዳልታሰረ ይቆጠራል። በአማርኛ ብናወርደው፣ አበዳሪውም ተበዳሪውም አንተው ከሆንክ ዕዳውን በፈለግህ ሰዓት ትሰርዘዋለህ። «ከነገ ጀምሮ ጫት አልቅምም» ብለህ ለራስህ ትምላለህ፤ ነገ ከሰዓት በኋላ «ምሬሃለሁ» ትላለህ፤ ተማሪውም ማሪውም አንድ ሰው። «ከተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» የሚለው የአገራችን ብሂል ለሌላ ሰው ለተሰጠ ቃል እንጂ ጓዳ ውስጥ ለራስ ለተማለ መሐላ የሚሠራ አይመስልም።

የሆብስ ሙግት ጠንካራ ነው። እኔ ግን አንድ ቀዳዳ አየሁበት፤ ያሳየኝም ይኸው የደብዳቤ ልማድ ነው። ቃሉን የምሰጠው እኔ የዛሬው ነኝ፤ የምሰጠው ደግሞ ለነገው ሰው ነው። ይቅርታ ማድረግ የሚችለው እርሱ እንጂ እኔ አይደለሁም፤ እርሱም ገና አልመጣም። ስለዚህ ዛሬ ራሴን ልፍታ ብል ባለገንዘቡ በሌለበት ሰነድ እንደ መቅደድ ይሆናል። እርሱ ሲመጣ በእርግጥ ሊምረኝ ይችላል። ይማረኝ! ነገር ግን ምሕረት ማለት ዕዳውን አውቆ መተው ነው። የማያውቀውን ዕዳ የተወ ሰው አልማረም፤ ተዘርፏል እንጂ። አብዛኞቻችን ለራሳችን የገባነውን ቃል የምንሰርዘው በምሕረት ሳይሆን በመርሳት ነው። ደብዳቤው ይህን የመርሳት በር ይዘጋል። «ይህን ይህን ብዬህ ነበር፤ አሁን እንደ ወደድህ አድርግ» ይላል። የሚያነበውም ሰው እያወቀ ይምራል ወይም እያወቀ ይከሳል።

ዴሪክ ፓርፊት የተባለ ሌላ እንግሊዛዊ ፈላስፋ በ1984 እ.ኤ.አ. ባወጣው ትልቅ መጽሐፉ ነገሩን የበለጠ ያጠብቀዋል። ሲጋራ የሚጀምር ልጅን እንድናስብ ይጠይቀናል። ልጁ በስተርጅና ሊደርስበት የሚችለውን ሕመም ያውቃል፤ ግን ግድ አይሰጠውም፤ ያ ሽማግሌ ሌላ ሰው ይመስለዋል። ፓርፊት «ተሳስተሃል፣ ያው አንተው ነህ» አይለውም። እንደ ሌላ ሰው ካየኸው እንግዲህ በሌላ ሰው ላይ ልታደርገው የማይገባህን በእርሱም ላይ አታድርግ ወደሚል ሐሳብ ነው የሚወስደው። ከዚህ በኋላ ጉዳዩ የጥንቃቄ ጉድለት መሆኑ ቀርቶ በደል ይሆናል። ይህን ሳነብ «እርስዎ» ብዬ የጻፍኩለት ሽማግሌ ትዝ አለኝ።

ይህን ልማድ የሚነቅፉ አሉ፤ ነቀፋቸውም መናቅ የለበትም። ጠንካራው ነቀፋ «ይህ የብቸኛ ሰው ፈሊጥ ነው፤ የእኛ ሰው የሚጨንቀውን ለጎረቤት፣ ለንስሐ አባት፣ ለቡና ማኅበር ይናገራል፤ ወረቀት ጋር ምን አጋጨው?» የሚለው ነው። ሰው ካለ ለሰው መናገር ይሻላል፤ በዚህ አልከራከርም። ነገር ግን የወዳጄን ታሪክ ያየ ሰው ቡናውም የራሱ ወንፊት እንዳለው ያውቃል፤ የሚያስቀው ያልፋል፣ የማያስቀው ይቀራል። ደግሞም ጽሑፉ የሐሜት ወይም የለቅሶ መጣያ ከሆነ ያን ያህል አይጠቅምም። ጄምስ ፔኔቤከር የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ በ1986 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሙከራ ተማሪዎች በሕይወታቸው የደረሰባቸውን ከባድ ነገር አራት ቀን በተከታታይ፣ በቀን ለ15 ደቂቃ እንዲጽፉ አድርጓል። በቀጣዮቹ ወራት ወደ ዩኒቨርሲቲው ክሊኒክ መመላለስ የቀነሱት የሆነውንና የተሰማቸውን አጣምረው የጻፉት ናቸው። «አዘንኩ» ብቻ አይበቃም፤ ምን ሆኖ አዘንክ?

ሌላው አደጋ ሦስተኛ ሰው ነው። ብዕር አንባቢዋን ታውቃለች። አምስተርዳም ውስጥ ተደብቃ የኖረችው አን ፍራንክ በ1942 እ.ኤ.አ. በ13ኛ ዓመት ልደቷ ባገኘችው ደብተር «ኪቲ» ለምትባል የልብ ወለድ ጓደኛዋ ትጽፍ ነበር። በመጋቢት 1944 እ.ኤ.አ. ለንደን ያለው የስደት መንግሥት ሚኒስትር ከጦርነቱ በኋላ የሕዝቡ ማስታወሻና ደብዳቤ እንደሚሰበሰብ በሬዲዮ ሲናገር ሰማች። ከዚያ በኋላ ለኅትመት እንዲሆን ብላ የጻፈችውን እንደ ገና ማዘጋጀት ጀመረች፤ የቀነሰችው አለ፣ ያሻሻለችው አለ። ከሞት በተረፈ ደብተሯ ዓለም ተጠቅሟል፤ ለዚህ ማን ይወቅሳታል? ነገር ግን አንድ ነገር እናይበታለን፤ ተቀባዩ ሲለወጥ ደብዳቤውም ይለወጣል። ለራሱ እየጻፈ በልቡ ለአሳታሚ የሚጽፍ ሰው በመስታወት ፊት እንደሚተውን ነው። ይህ ሙያ ለሚፈትነን ጸሐፊዎች ፈተናው ድርብ ነው። እኔ ሰዋስው ማሳመር ስጀምር አቆማለሁ፤ ዓረፍተ ነገር ሲያምር የሆነ ነገር ተደብቋል ብዬ እጠረጥራለሁ።

ስለ ወረቀት ይህን ሁሉ ስል አንድ ሰው ከቤታችን ጥግ ሆኖ እንደሚያዳምጠኝ አውቃለሁ። አባቴ ነው። በ1969 ዓ.ም. የሃያ ዓመት ተማሪ ነበር፤ እርሱም ለራሱ የሚጽፍበት ጥቁር ሽፋን ያለው ደብተር ነበረው። በዚያ ዓመት በአዲስ አበባ የቤት ለቤት አሰሳ ሲጀመር ደብተሩን ቀዳዶ እናቱ እንጀራ በምትጋግርበት ምድጃ ከተተው። «የዚያን ቀን እንጀራ በእኔ ደብተር ነው የተጋገረው» ይላል። በየሠፈሩ ስንቱ ደብተር፣ ስንቱ ፎቶግራፍ፣ ስንቱ ደብዳቤ እንዲህ አመድ ሆኗል! የእኛ ከተማ ሰው በጽሑፍ ከራሱ ጋር መነጋገርን የሚሸሸው በስንፍና ብቻ የሚመስለው ካለ ይህን ያስታውስ። በእጅ የተጻፈ ነገር አንድ ሰሞን የሞት ማስረጃ ነበር።

አባቴ ስለዚያ ዘመን ይናገራል፤ አነጋገሩ ግን አንድ አይደለም። ልጅ ሳለሁ ሲነግረኝ ደፋር ነበር። ተማሪ ሆኜ ስጠይቀው ፈሪ ልጅ ሆኖ መጣ። አሁን አሁን ደግሞ «እኔ ምኑም ውስጥ አልነበርኩም» ማለት ይወዳል። ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ እርሱም የሚያውቅ አይመስለኝም። የሃያ ዓመቱ ልጅ ምን ያምን እንደነበር የሚመሰክር አንድ ሰነድ ነበር፤ እርሱም እንጀራ ጋገረ። አንድ ቀን «ደብተሩ ቢኖር ምን ያህል ጥሩ ነበር!» ብለው ጥርሱን ፍቆ አየኝና «ደብተሩ ቢኖር እኔ አልኖርም፤ እኔ ካልኖርኩ አንተም የለህም» አለኝ። መልስ የለኝም። ሰው ለሚመጣው ራሱ እውነቱን የመናገር ዕዳ አለበት ብያለሁ፤ ነገር ግን የሚመጣው ሰው እንዲመጣ በመጀመሪያ መትረፍ አለበት። የአባቴ የሃያ ዓመት ልጅ ለሽማግሌው ቃሉን ሳይሆን ነፍሱን አሻገረለት። ዛሬም ደብተሩ ስልክ ሆኗል፤ ስልክም ይፈተሻል። ማንም ሰው በራሱ ላይ የሚመሰክር ወረቀት ትራሱ ሥር አድርጎ እንዲተኛ አልመክርም።

የእኔን አሠራር የሚጠይቁኝ ስላሉ በአጭሩ ልናገር። በዓመት አንድ ትልቅ ደብዳቤ ጳጉሜን ላይ እጽፋለሁ፤ ቀኗ አምስት፣ በአራት ዓመት አንዴ ስድስት ናትና ከአሮጌውም ከአዲሱም ዓመት ያልሆነች ትመስለኛለች። ፖስታው ላይ የሚከፈትበትን ዓመት እጽፋለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። ውስጡ ፍልስፍና የለም። የቤት ኪራዬን፣ ያለብኝን ዕዳ፣ የምፈራውን ነገር፣ ሳልደውልለት የቆየሁትን ሰው ስም፣ በዚያ ዓመት እርግጠኛ የሆንኩበትን አንድ ሐሳብ አሰፍራለሁ። ሳላዝዝ፣ ሳልመክር እዘጋዋለሁ። ሲከፈት የሚያስደነግጠው ትልቁ ሐሳብ አይደለም፤ የቤት ኪራዩ ነው።

ባለፈው መስከረም ለአባቴም አንድ ደብተር ገዛሁለት። «ለማን ነው የምጽፈው?» አለኝ። «ለራስህ» አልኩት። አሁን ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፤ አንዳንዴም ፊቴ ይከፍተዋል። የመብራት ሒሳብ፣ የዕድር ወርኃዊ ክፍያ፣ የደም ግፊት ኪኒን ያለቀበት ቀን፣ «ሰኔ 3፦ ዝናብ» ዓይነት ነገር ነው ያለበት። ከዚያ ያለፈ አንድ ቃል አላየሁም። በየገጹ ግርጌ ግን ሙሉ ፊርማውን ያኖራል። ለምን እንደሚፈርም አልጠየቅሁትም።